ለባሕር ዳር አኳሪየም የቱ የመንጋ ዓሣ ይሻላል?

ጓደኛዬ ባሕር ዳር ላይ ትንሽ ካፌ ከፍቷል። መግቢያው አጠገብ አኳሪየም ሊያቆም ወስኗል። መስታወቱን አሠርቶ ጨርሷል፤ የቀረው ዓሣው ነው። ባለፈው ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነልኝ። ቪዲዮ ነው። ሰውነታቸው ብር የመሰለ፣ አፍንጫቸውና የጅራታቸው ጫፍ በርበሬ የተቀባ ትናንሽ ዓሦች አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይታጠፋሉ።

«ከተራራ ሐይቅ ነው የሚመጡት። እኛም ደጋ ላይ ነን። ብርዱን ይችሉታል። እነዚህን ነው የምፈልገው» አለኝ።

ግማሹ ልክ ነው። ሌላውን ግማሽ ለማስረዳት ሁለት ሁለት ማኪያቶ ፈጀብን። ይህን ጥያቄ ሌላም ሰው ስለሚያነሳብኝ፣ ያልኩትን እዚህ ላስቀምጠው። ዋጋ አልጽፍም፤ ዛሬ የምነግራችሁ በወሩ ያረጃል። የሱቅ ስምም የለበትም።

መጀመሪያ መለኪያው

ሰው ዓሣ የሚመርጠው በቀለም ነው። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ጎጃም ውስጥ ግን ከቀለም በፊት የሚጠየቅ ነገር አለ።

አንደኛው ሙቀት ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ቀን ቀን ሞቃት ትመስላለች፤ የታኅሣሥና የጥር ሌሊት ግን ሌላ ነው። ሳሎኔ ያለው ባለ 80 ሊትር አኳሪየም ማሞቂያ ሳይኖረው በጥር ጠዋት 17 ዲግሪ ያሳየኛል። ከሰዓት 21 ይደርሳል። በሚያዝያ 26ን ያልፋል። ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ ከሆናችሁ ከዚህ ላይ ሦስት አራት ዲግሪ ቀንሱ። «ማንኛውም ውሃ ይስማማዋል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ፣ የእሱ ሱቅ የት እንደሆነ አስቡ።

ሁለተኛው መብራት ነው። ይሄን ማብራራት አያስፈልግም። ማሞቂያም፣ ፊልተርም፣ የአየር ፓምፕም በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ጥያቄው «ማሞቂያ አለኝ ወይ?» አይደለም። «መብራት ስምንት ሰዓት ቢጠፋ ይህ ዓሣ ያድራል ወይ?» ነው።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፤ እኔም ከከሰርኩ በኋላ ነው የገባኝ። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል። ባሕር ዳር ላይ ግፊቱ ከባሕር ጠረፉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ደብረ ማርቆስ ላይ ወደ አንድ አራተኛ ይጠጋል። ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። «ለዚህን ያህል ሊትር ይህን ያህል ዓሣ» የሚለው የውጭ አገር ስሌት የተሠራው ለቆላ ከተሞች ነው። ሃያ ካለ አሥራ አምስት ላይ ቁሙ። ደጉ ነገር ቀዝቃዛ ውሃ ከሙቁ የበለጠ ኦክስጅን ይይዛል። ቀዝቃዛ ውሃ የሚወድ ዓሣ መምረጥ ለእኛ ሁለት ጊዜ ያተርፋል።

አራተኛ፣ የውሃው ዓይነት። የእኔ የቧንቧ ውሃ በመለኪያ ወረቀት ፒኤቹ (የኮምጣጣነቱ መለኪያ፤ ከ7 በታች ኮምጣጣ ነው) 7.5 አካባቢ ነው። ለስላሳ (ማዕድን ያነሰበት) እና ኮምጠጥ ያለ ውሃ የሚፈልግ ዓሣ አይወደውም። አምስተኛ፣ የመንጋ ዓሣ ሁለትና ሦስት ሆኖ አይገዛም። ከስምንት በታች ከሆነ ወይ ይፈራል ወይ ይናከሳል። የመጨረሻው፣ ዓሣው ከየት መጣ፣ ቢያመልጥስ የት ይገባል የሚለው ነው። እኛ ከጣና አጠገብ ነን። ወደዚህ እመለሳለሁ።

የቪዲዮው ዓሣ፦ ሳውብዋ

ሙሉ ስሙ ሳውብዋ ረስፕለንደንስ ነው። ሳውብዋ ማለት የበርማ የሻን መሳፍንት ማዕረግ ነው፤ እንደ እኛ ራስ ወይም ደጃዝማች በሉት። አናንዴል የተባለ የእንስሳት ተመራማሪ በ1918 እ.ኤ.አ. ነው ለሳይንስ ያስተዋወቀው። ከአራት ሴንቲ ሜትር አያልፍም። ቅርፊት የለውም፣ ራቁቱን ነው። ቀዩ አፍንጫ የወንዱ ብቻ ነው። ሴቷ ደብዘዝ ያለች፣ ሆዷ ሞላ ያለ ናት። ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ ትንሽ ቀዘቀዘ።

አገሩ ማይንማር ውስጥ ያለው የኢንሌ ሐይቅ ነው። ነገሩ ለእኛ ይገርማል። ዓሣ አጥማጆቹ ታንኳ ጫፍ ላይ ቆመው በአንድ እግራቸው ይቀዝፋሉ። እምቦጭ እዚያም አለ። በ2015 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ጣናንም ኢንሌንም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ መዝግቧቸዋል፣ በአንድ ዓመት። ግን ኢንሌ ከጣና በብዙ ያንሳል፣ ጥልቀቱም በበጋ ሁለት ሜትር ቢሆን ነው። ከፍታው ወደ 880 ሜትር ነው፣ የባሕር ዳር ግማሽ። የጓደኛዬ «እኛም ደጋ ላይ ነን» የሚለው ነገር እዚህ ላይ ይወድቃል። ይህ ዓሣ ከቆላ ዓሦች ይልቅ ብርድ ይችላል እንጂ የብርድ ዓሣ አይደለም። ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ይመቸዋል። በእኔ ሳሎን ከኅዳር እስከ ጥር ማሞቂያ ይፈልጋል።

ውሃው ግን ልክ ነው። ኢንሌ አልካላይን (የኮምጣጣ ተቃራኒ) ነው፣ ሳውብዋም እንደዚያ ዓይነቱን ይወዳል። የቧንቧችን ውሃ አያስቸግረውም።

ችግሩ ሌላ ነው። ይህ ዓሣ በዱር የሚገኘው እዚያው ኢንሌና አካባቢው ብቻ ነው። ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርያዎች መካከልም ተመድቧል። በሐይቁ ላይ የሚንሳፈፉ የቲማቲም እርሻዎች አሉ፤ የሚረጭባቸው መድኃኒት ውሃ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ከዱር የተያዘውን መግዛት አይገባም። ተረብቶ የመጣ ካገኛችሁ ጥሩ። እኔ እዚህ አገር ሲሸጥ አይቼ አላውቅም። ቅርፊት ስለሌለው ደግሞ ለመድኃኒትና ለቆሻሻ ውሃ ስስ ነው። ለጀማሪ አልመክርም።

ኒዮን

አዲስ አበባ ሄዳችሁ የምታዩት የመጀመሪያ ዓሣ ይህ ነው። ሰማያዊና ቀይ መስመሩ ዓይን ይይዛል። የአማዞን ልጅ ነው፤ ሙቅ፣ ለስላሳ፣ ኮምጠጥ ያለ ውሃ ይፈልጋል። ለእኛ በሦስቱም አይሆንም። እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር፣ ግን የራሴን ልንገራችሁ።

አሥራ ሁለት ገዝቼ በአውቶቡስ አመጣሁ። ኦክስጅን የተሞላ ፌስታል በጉልበቶቼ መካከል ይዤ። አባይ በረሃ ስንወርድ ፌስታሉ ለብ አለ። ደብረ ማርቆስ ለምሳ ስንቆም በነጠላ ጠቀለልኩት፤ አጠገቤ የተቀመጡ እናት «ጠበል ነው ልጄ?» ብለው ጠየቁኝ። ባሕር ዳር ስንደርስ ሁሉም በሕይወት ነበሩ። ጮቤ ረገጥኩ።

ጥር ላይ አንድ ሌሊት መብራት ሄደ። ጠዋት ስነሳ ውሃው 16 ነበር። ዓሦቹ ታች ድንጋዩ ላይ ተኝተዋል፣ ሰማያዊው መስመር ጠፍቶ አመድ መስሏል። በሳምንቱ አራት ቀሩኝ። በወሩ አንድም። ዓሣው አልበደለኝም፣ እኔ ነኝ ያለ ቦታው ያመጣሁት።

ባትሪ ያለው ወይም ጄኔሬተር ቶሎ የሚነሳበት ሆቴል ከሆነ ይሞክር። ለቤት ይለፋችሁ።

ዜብራ

ከጋንጅስ ወንዝ አካባቢ የመጣ፣ አራት ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን፣ ጥቁር ሰማያዊ ሰረዝ ያለበት ዓሣ ነው። ከ18 እስከ 25 ዲግሪ ይኖራል፤ ለአጭር ጊዜ ከዚያ በታች ቢወርድም ይችላል። ውሃ አይመርጥም። የተሰጠውን ይበላል። በየቤተ ሙከራው የሚገኘውም ለዚህ ነው፤ የዘር መዝገቡ በ2013 እ.ኤ.አ. ታትሞ ሲወጣ ከሰው ጂኖች 70 በመቶ ያህሉ በእሱ ውስጥ አቻ እንዳላቸው ታይቷል። ካፌ ውስጥ ለደንበኛ የሚነገር ወሬ ከፈለጋችሁ ይኸውላችሁ።

ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛ፣ አያርፍም። ረጅም መስታወት ስጡት፣ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር። ሁለተኛ፣ ይዘላል። ክዳን የሌለው አኳሪየም ካላችሁ ጠዋት ወለል ላይ ደርቆ ታገኙታላችሁ። ሦስት ብቻ ከገዛችሁ ደግሞ ሁለቱ አንዱን ሲያሳድዱት ይውላሉ። አሥር ሲሆኑ ጠቡ ይረሳል።

ነጭ ደመና

የቻይናው ነጭ ደመና ተራራ ዓሣ ለደብረ ማርቆስና ለእንጅባራ ሰው የተፈጠረ ነው ብል አላጋነንኩም። ከ14 እስከ 22 ዲግሪ ነው ምቾቱ። ማሞቂያ ጭራሽ አይፈልግም፤ እንዲያውም ሙቀት ሲበዛበት ዕድሜው ያጥራል። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ነው የታወቀው፤ ታን የሚባል የስካውት መሪ ከጓንግዡ አጠገብ ካለ ተራራ ምንጭ አገኘው። የሳይንስ ስሙም በእሱ ነው። በዱር ጠፍቷል ተብሎ ሲታሰብ ከቆየ በኋላ ጥቂት ቦታዎች ላይ እንደገና ተገኝቷል። ገበያ ላይ የሚውለው ግን በእርባታ የመጣ ነው፣ ስለዚህ ኅሊናችሁ አይቆረቁራችሁም።

ባሕር ዳር ላይ ሚያዝያ ይከብደዋል። መስኮት አጠገብ አታስቀምጡት። ሌላው ችግር ማግኘቱ ነው፤ እኔ በአንድ ጊዜ ስምንት አግኝቼ አላውቅም።

የጣናው

ልጅ ሳለን ሐይቁ ዳር ደንገሉ ሥር በወንፊት ጥቃቅን ዓሣ እንይዝ ነበር። ወንፊቱ የእናቴ ነበር፣ ስለዚህ ታሪኩ በዱላ ነው የሚያልቀው። እነዚያን ዓሦች ማንም «አኳሪየም ውስጥ ይገባሉ» ብሎ አስቦ አያውቅም። ዓሣ ማለት ለእኛ ቆረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ነው፤ የሚጠበስና የሚቀቀል።

ጣና ውስጥ ከአሥር ሴንቲ ሜትር የማያልፉ ባርብ የሚባሉ ሦስት ዓይነት ትናንሽ ዓሦች አሉ። ሁሚሊስ ዳር ዳሩን፣ ሣር ውስጥ ይኖራል። ፕሌውሮግራማ እንዲሁ ጥልቀት የሌለው ውሃ ይወዳል። ሦስተኛው ታናፔላጊየስ መሃል ሐይቅ ላይ በመንጋ የሚዞር፣ በዓይን የማይለዩ የውሃ ነፍሳት እየለቀመ የሚኖር ነው። ስም የወጣለት በ2000 እ.ኤ.አ. ነው። ጣና ላይ ስንት ዘመን ታንኳ ሲቀዘፍ ኖሮ፣ ይህ ዓሣ የራሱ ስም ያገኘው ትናንት ማለት ነው።

ከመለኪያችን አንጻር ነጥቡ ከፍ ያለ ነው። ሙቀቱ የራሳችን ነው፣ ኦክስጅኑም የለመደው ነው። ከአኳሪየም ቢያመልጥ የተወለደበት ሐይቅ ይገባል። ቀለም ግን የለውም። ብር ነው፣ አለቀ። ከሩቅ ለሚያይ ደንበኛ ሽቦ ይመስላል። በጎን ብርሃን ሲመታው ነው የሚያምር፣ ያውም ሃያ ሆነው አንድ ላይ ሲታጠፉ። እኔ በበኩሌ ከኒዮን እመርጠዋለሁ። ጓደኛዬ አይመርጠውም።

ሦስት ነገር ግን ተጠንቀቁ።

የመጀመሪያው ማንነቱ ነው። በወንፊት የያዛችሁት ትንሽ ብርማ ዓሣ የነጭ ዓሣ ጫጩት ሊሆን ይችላል። ያ ደግሞ ክንድ አክሎ ያድጋል። የጣና ነጭ ዓሦች አሥራ አምስት ያህል ዝርያዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ በዓለም ሌላ ቦታ የሉም። አባይ ፏፏቴ ከታችኛው ወንዝ ስለለያቸው እዚሁ ተራብተው ተለያዩ። በክረምት ማብቂያ ለመራባት እንደ ጉማራ ወዳሉ ወንዞች ሲወጡ አፋፉ ላይ መረብ እየጠበቃቸው ቁጥራቸው በጣም ወርዷል። ጫጩታቸውን ለጌጥ መልቀም ነውር ነው። ከነጭ ዓሦቹ ብዙዎቹ ደግሞ ዓሣ በሊታ ናቸው፤ እነዚህ ትናንሾቹ ምግባቸው ናቸው።

ሁለተኛው ሆዱ ነው። የጣና ትናንሽ ባርቦች ውስጥ ሊጉላ የሚባል ነጭ፣ ጥብጣብ የመሰለ ትል ይገኛል። ሆዱ ያለ ልክ የተነፋ ዓሣ አትውሰዱ። ትሉ ወደ ጎረቤት ዓሣ አይዘልም፤ ለመዞር መጀመሪያ ትንሽ የውሃ ነፍሳት፣ በኋላም ዓሣ የሚበላ ወፍ ያስፈልገዋል። የያዘው ዓሣ ግን አይቆይላችሁም።

ሦስተኛው ፈቃድ ነው። የዓሣ ሀብት የሚተዳደርበት ሕግ አለ። ባሕር ዳር ውስጥ የዓሣ ምርምር ማዕከልም አለ። ከመያዛችሁ በፊት ሄዳችሁ ጠይቁ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነም ያሳዩዋችኋል። ታናፔላጊየስን ተዉት፣ ሰፊ ውሃ የለመደ ነው። ሁሚሊስ ይሻላል። መጀመሪያ ሰሞን ደረቅ ምግብ እምቢ ካለ የቢንቢ እጭ ስጡት።

ጉፒን ለምን ተውክ የሚለኝ ይኖራል። ጉፒ የመንጋ ዓሣ አይደለም። በየወሩ ይወልዳል፣ ከዚያ ሰው ይቸግረውና ባልዲውን ይዞ ወደ ሐይቁ ይሄዳል። እባካችሁ! ጉፒም ይሁን ዜብራ፣ የውጭ ዓሣ ጣና ውስጥ አይጣልም። ውሃውንም ቢሆን ቦይ ውስጥ ሳይሆን አትክልት ላይ አፍስሱት።

በአንድ ዓይን

| ዓሣ | የሚመቸው ሙቀት | ለቧንቧ ውሃችን | መብራት ሲጠፋ | ማግኘት | ለጀማሪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ሳውብዋ | ከ20 እስከ 25 | ይስማማል | ከኅዳር እስከ ጥር ያሰጋል | የለም ማለት ይቻላል | አይሆንም |
| ኒዮን | ከ22 እስከ 26 | አይስማማም | ይሞታል | ቀላል | አይሆንም |
| ዜብራ | ከ18 እስከ 25 | ይስማማል | ያድራል | ቀላል | ይሆናል |
| ነጭ ደመና | ከ14 እስከ 22 | ይስማማል | ይመቸዋል | ከባድ | ይሆናል |
| ሁሚሊስ (ጣና) | የሐይቁ ሙቀት | የአገሩ ነው | ያድራል | በፈቃድ | ታግሶ ለሚያጠና |

ለማን የቱ?

ገንዘቡ ትንሽ ከሆነ፦ ማሞቂያ አትግዙ። ያንን ብር በባትሪ ለሚሠራ የአየር ፓምፕ አውሉትና አሥር ዜብራ ያዙ። ፓምፑም ከሌለ መብራት ሲጠፋ በየሰዓቱ ውሃውን በኩባያ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ አፍስሱ። አሳፋሪ ይመስላል፣ ይሠራል።

ደብረ ማርቆስ፣ እንጅባራ፣ ዳንግላ ላላችሁ፦ ነጭ ደመናን ፈልጉ። እስኪገኝ ጠብቁ፣ በሌላ አትተኩት። ፍኖተ ሰላም ላይ ግን ሙቀቱ ስለሚበረታ ዜብራው ይሻላል።

ለትምህርት ቤት፦ የጣናው። ልጆቹ የማያውቁትን የራሳቸውን ሐይቅ ዓሣ ማየታቸው ከኒዮን ቀለም ይበልጣል። የሳይንስ መምህሩ ወደ ምርምር ማዕከሉ ደብዳቤ ይጻፍ።

ለሆቴል፣ ጄኔሬተርና ተቆጣጣሪ ሰው ካለ፦ ኒዮንም ይቻላል። ግን ውሃውን ማለስለስ፣ ሙቀቱን መጠበቅ፣ ይህን ሁሉ የሚያደርግ ሰው ደሞዝ አለው።

ሳውብዋ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ለሚል፦ የተረባ መሆኑን የሚያረጋግጥላችሁ ሻጭ እስኪመጣ ቪዲዮውን ተመልከቱ።

የትኛውንም ብትመርጡ መስታወቱን ሞልታችሁ በማግስቱ ዓሣ አትጨምሩ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች። የቧንቧው ክሎሪን እንዲወጣ ውሃውን አየር እየነፋችሁ አንድ ቀን አሳድሩት። ከዚያ ፊልተሩ ላይ የዓሣን ቆሻሻ የሚያብላሉ ባክቴሪያዎች እስኪያድሩ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ቁንጥር ምግብ ባዶ ውሃ ውስጥ ጣል ታደርጋላችሁ። ብርድ ሲሆን ይዘገያል፣ ስለዚህ ስድስቱን አስቡ። ፊልተሩን በቧንቧ ውሃ አትጠቡት፣ ክሎሪኑ ያሳደጋችሁትን ይገድለዋል። በአኳሪየሙ ውሃ እጠቡት።

ጓደኛዬ በመጨረሻ አሥራ ሁለት ዜብራ አዘዘ። መስታወቱ አሁን አምስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ውስጡ ውሃ፣ የጣና ዳር ጥቁር ድንጋይ፣ ሁለት ዘለላ ሣርና የሚንቦጫረቅ አየር ነው ያለው። ደንበኛ ሁሉ «ዓሣው የታል?» ይለዋል። «መንገድ ላይ ነው» ይላል። የጎረቤት ሕፃን ልጅ ግን አላመነችውም፤ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ከድንጋዩ ጀርባ ትፈልጋለች።